ኢማም አል-ገዛሊ፦ ከመመለስ በፊት መረዳት



ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ብናዳምጥ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ንግግር የሚሰማው ለመረዳት ሳይሆን የሚመታበትን ቦታ ለመፈለግ ነው። ዛሬ ሕይወታቸውን የምንዳስሰው ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በዘመናቸው ከታወቁት ብርቱ ተከራካሪዎች አንዱ ነበሩ። የሄዱበት መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ በ450 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1058) በኹራሳን ምድር፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ በምትገኘው ጡስ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ እሳቸውና ወንድማቸው አሕመድ በአባታቸው ወዳጅ እጅ አደጉ። በኒሻፑር ከኢማም አል-ሐረመይን አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። በ484 ሒጅራ (1091) ወዚሩ ኒዟም አል-ሙልክ በባግዳድ የኒዟሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ያኔ ዕድሜያቸው 33 ገደማ ነበር።

በባግዳድ 300 ያህል ተማሪዎችን እያስተማሩ፣ በትርፍ ሰዓታቸው የፈላስፎችን መጻሕፍት ያለ አስተማሪ ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተረዷቸው፤ ከዚያም አንድ ዓመት ያህል ያነበቡትን ሲያመላልሱ ቆዩ። አንድን አስተሳሰብ ጠልቆ ሳያውቁ መቃወም በጨለማ ድንጋይ እንደመወርወር ነው ብለው ያምኑ ነበርና። «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» በተሰኘው ኪታባቸው የፈላስፎቹን ሐሳብ ያለ ነቀፌታ አስቀመጡ። ኪታቡ ወደ ላቲን ሲተረጎም በአውሮፓ ብዙዎች ገዛሊን የዚያው ፍልስፍና ተከታይ አድርገው ቆጠሯቸው! «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ላይ ግን በ20 ነጥቦች ሞገቷቸው። ያም ሆኖ ሁሉንም በጅምላ አልጣሉም። በስሌት የተረጋገጠውን የግርዶሽ ዕውቀት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም ሲሉ አስጠነቀቁ።

ይህ አካሄዳቸው ወቀሳም አምጥቶባቸዋል። የባጢኒያዎችን ክርክር አሳምረው ስላቀረቡ ለተቃዋሚው የሠሩለት ያህል ነው ያሏቸው ነበሩ። ገዛሊ ወቀሳውንም አላጣጣሉም፤ ቀድሞም ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል አል-ሓሪስ አል-ሙሓሲቢን በተመሳሳይ ጉዳይ መውቀሳቸውን ራሳቸው አነሱ። ከዚያም መለሱ፦ ሐሳቡ ገና ካልተሰራጨ ወቀሳው ትክክል ነው፤ በሕዝብ መካከል ከተሰራጨ በኋላ ግን መልስ ግድ ይላል፤ መልስ ደግሞ የሚመለስለት ነገር ሳይነገር አይሆንም።

በሥነ ምግባር ጉዳይ ትልቁ ሙግታቸው ከሙዕተዚላዎች ጋር ነበር። እነሱ መልካምና ክፉን አእምሮ በራሱ ይለያል ይላሉ። ማስረጃቸው ቀላል አይደለም። ሃይማኖት የሌለው፣ ምንዳም ምስጋናም የማይጠብቅ ሰው እንኳ ሊሞት የደረሰ ደካማ ሲያይ ለማዳን ይነሳል። ታዲያ ይህ የሥራው መልካምነት በራሱ የታወቀ ስለሆነ አይደለምን?

ገዛሊ ይህን ማስረጃ ሳያሳንሱ አቅርበው መለሱ። ሰውየው ራሱን በችግረኛው ቦታ አድርጎ ያስባል፤ ሳይረዱት ቢያልፉ የሚሰማውን ሕመም ከራሱ ለማራቅ ይረዳል። የሚያይ ባይኖርም፣ ማዳንና መመስገን በሐሳቡ ተጣምረው ስለኖሩ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይከተላል። ለዚህም እባብ የነደፈው ሰው ዝንጉርጉር ገመድ ሲያይ እንደሚደነግጥ ምሳሌ ሰጡ። እኛም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የልብ ዝንባሌ ብቻውን ግዴታን አያቆምም፤ ግዴታ የሚጸናው በሸሪዓ ነው አሉ። ክርክሩ ግን በዚህ አልተዘጋም፤ ከአህሉ ሱና ወገን የሆኑት ማቱሪዲዎች ለአእምሮ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ።

ከሁሉ የከበደው ሙግት ከራሳቸው ጋር የገጠሙት ነው። በ488 ሒጅራ (1095) ኒያቸውን ሲመረምሩ፣ የሚያስተምሩት ለአላህ ሳይሆን ለዝናና ለክብር ሆኖ አገኙት። ስድስት ወር ያህል ልሂድ ወይስ ልቅር ሲሉ ዋለሉ። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ማስተማርም መብላትም አቃታቸው። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሀብታቸውን በትነው ባግዳድን ለቀቁ። ደማስቆ፣ ቁድስ፣ ከዚያም ሐጅ።

ከዚህ በኋላ በዘለቀው የብቸኝነት ዘመናቸው የጻፉት «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» ስለ ክርክርም ይናገራል። እውነትን የሚሻ ተከራካሪ የጠፋች ከብቱን እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ እሱ ቢያገኛት ወይም ባልንጀራው ቢያገኛት ልዩነት የለውም፤ ስህተቱን ያሳየውንም ያመሰግናል። ይህን የጻፉት በክርክር አሸናፊነት የሚገኘውን ክብር ቀምሰው የተዉ ሰው ናቸው።

በ499 ሒጅራ (1106) በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ በ505 ሒጅራ (1111) በትውልድ አገራቸው ጡስ አረፉ። በኋላም የአንደሉሱ ኢብን ሩሽድ የገዛሊን ቃል በስፋት እየጠቀሱ ነጥብ በነጥብ ሞገቷቸው። ገዛሊ ለተቃዋሚዎቻቸው የሰጡት ክብር ለእሳቸውም ተሰጣቸው ማለት ነው።

እኛስ ወንድማችን የሚለውን እሱ ራሱ ልክ ነህ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው እስኪለን ድረስ መልሰን መናገር እንችላለን? መልስ ለመስጠት ከመቸኮላችን በፊት ይህን ራሳችንን እንጠይቅ። አላህ ለኢማሙ ይዘንላቸው፤ ለእኛም እውነትን ከማንም እጅ የሚቀበል ልብ ይስጠን። አሚን።