ጨዋታን ሥራቸው ያደረጉ ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ጅማ በዚያን ጊዜ ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረች በዳግማዊ አባ ጅፋር የምትተዳደር አገር ነበረች፤ የሂርማታ ገበያዋም ከከፋና ከአካባቢው የሚወርደው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚለወጥበት የደቡብ ምዕራብ ታላቅ ገበያ ነበር። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ነገር የተማሩ፣ በዚያው ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ባለቅኔና ድምፃዊ ናቸው። የነጋድራስነቱን ሹመት ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ሲሆን፣ ለመዝናኛ ብለው የዘፈኑት ግን እስከ አሁን ይሰማል። ልጃቸውም ከገበያውና ከቀረጡ ይልቅ በሕዝብ የዕረፍት ሰዓት ላይ የሚሠራ ሰው ሆኖ መውጣቱ በቤተሰቡ ዘንድ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

የጅማው ሕፃን አድገው ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። እግር ኳስ በዋና ከተማይቱ ያን ጊዜ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታ ነበር። አርመኖቹ፣ ግሪኮቹና ጣሊያኖቹ በየማኅበራቸው ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስን መሠረቱ። ወዲያው የፋሺስት ወረራ መጣ። ወራሪው ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ቡድኑም የታቦቱን ስም ትቶ በሌላ ስም እንዲጠራ ተገደደ። የሥራ ሰዓት በግዳጅ ሊያዝ እንደሚችል ሁሉ የዕረፍት ሰዓትም ሊያዝ እንደሚችል ያ ትውልድ የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ በስፖርት ውስጥ የዘር መለያየትን እንደ ግል ጠላታቸው አድርገው መያዛቸው ከመጽሐፍ ከተገኘ ዕውቀት ብቻ የመነጨ አይደለም።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበር። ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ለረጅም ዓመታት ተጫውተዋል። በ365 ግጥሚያዎች 318 ጎል እንዳገቡ፣ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ እንደተሰለፉ ይነገርላቸዋል። የአጥቂነታቸው ዝና ግን ለሙያችን ከሌላው ሥራቸው ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ክፍል ነው። ጎል ያገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ከጎሉ በስተጀርባ ጽሕፈት ቤት ያቆሙት ጥቂቶች ናቸው።

ይህን ጉዳይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ወጣቶች ሜዳ ወርደው እንዲጫወቱ ኳስ ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ጨዋታው በሚቀጥለው እሑድም፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲኖር ከተፈለገ ሜዳው የማን እንደሆነ የሚወስን፣ መስመሩ በኖራ መሠመሩን የሚያይ፣ ዳኛ የሚመድብ፣ የተጫዋቹን ስም በመዝገብ የሚያሰፍር፣ ክርክር ሲነሣ ደንብ አውጥቶ የሚያነብ፣ ከመግቢያው የተሰበሰበውን ገንዘብ በደረሰኝ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል። ሕጎቹም ከባዕድ ቋንቋ የመጡ ስለነበሩ በአማርኛ መነገርና መጻፍ ነበረባቸው። ይድነቃቸው በ1930ዎቹ የአገሪቱን የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እሑድ በሜዳ ሲሮጡ ሰኞ በጠረጴዛ ይቀመጡ ነበር። ይህ ሥራ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ የሥራ መደብም ቢሆን በቅጡ የታወቀ አልነበረም። ለብዙ ሰው ኳስ የልጅ ነገር፣ ኳስን የሚያስተዳድር ጎልማሳም ሥራ የፈታ ነበር። እሳቸው ግን ሌላው ሰው የሚዝናናበትን ሰዓት የራሳቸው የሥራ ሰዓት አደረጉት።

የኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲቋቋም በዋና ጸሐፊነት የሠሩት እሳቸው ናቸው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አገኘ። የአበበን ድል ዓለም ሁሉ ያውቃል። ከድሉ አስቀድሞ ግን ኮሚቴው ዕውቅና እንዲያገኝ፣ ስሙ እንዲመዘገብ፣ ቡድኑም እንዲሳፈር የተጻፉት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ እነሱን ማንም አያስታውስም። የዚህ ሙያ ዕጣ እንዲህ ነው።

የአፍሪካን ነገር የጀመሩት በ1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተደረገው የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ ላይ ነው። የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ልዑካን በዚያ ተመካክረው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። አብዛኛው አህጉር ገና በቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረ መሥራቾቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱም አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰናበተች። ኢትዮጵያ በምድቡ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድባ ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በዚህ ሽንፈት ላይ ብዙ የሚያሳፍር ነገር የለም። አዲስ የተወለደ ማኅበር በመጀመሪያው ሳምንቱ አንዱን አባሉን ስለ መርህ ብሎ ማጣቱ ከዋንጫው የበለጠ ነገር ነበር።

ዋንጫው ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ የምትባለውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎ፣ ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁም ስማቸው በዚያ ቀን ተጽፏል። ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት ይድነቃቸው ናቸው። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ መልሳ አላነሣችም። በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲደረግ እንኳ ቡድናችን ከምድቡ አላለፈም፤ እሳቸው በዚያን ጊዜ የአህጉሩ ፕሬዚዳንት ሆነው የሌላውን ድል ያስተናግዱ ነበር።

በ1950ዎቹ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ግን ትልቁ በወረቀት የተሠራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ እንዲያልፍ ሲወሰን፣ አፍሪካውያን ሙሉ ቦታ ይሰጠን ብለው ከማጣሪያው በአንድነት ወጡ። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር በዚህ ትግል ፊት ከቆሙት መካከል ይድነቃቸው ይገኙበታል። በ1970 እ.ኤ.አ. ቦታው ተሰጠ፤ ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን በስፔን ተጫወቱ። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት፣ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። የዓለሙ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያባርር፣ በካርቱም የተጀመረው ክርክር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

እኒህ ሰው ግን ሁሉን አላሸነፉም። በሙያው ያለ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ክፍል ይመስላል። ይድነቃቸው በአማተርነት ያምኑ ነበር። የአፍሪካ ልጅ ወደ አውሮፓ ክለቦች እየተሸጠ መሄዱን፣ ሜዳው የመጠጥና የሲጋራ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ መሆኑን አጥብቀው ተቃወሙ። በአፍሪካ ዋንጫ እያንዳንዱ አገር ከውጭ የሚያመጣው ተጫዋች ከሁለት እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብም ለዓመታት ቆይቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ቀረ። (የወጣትነት ክለባቸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ክለቦች በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው ሲደራጁ የቢራ ፋብሪካ ቡድን መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።) ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬ የአህጉሩ ምርጥ እግሮች የሚታዩት በባዕድ አገር ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ በክርክራቸው ውስጥ አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ አለ። ጨዋታን ማስተዳደር የዕድሜ ልክ ሥራ ሊሆን እንደሚገባ በራሳቸው ሕይወት ያስመሰከሩ ሰው፣ ጨዋታውን የሚጫወተው ልጅ ግን በእሱ እንዳይተዳደር ጠየቁ። የጸሐፊው እንጀራ የተከበረ ከሆነ የአጥቂውስ ለምን አይከበርም? ለዚህ አጥጋቢ መልስ አልሰጡም።

ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። የተወለዱበት የቡና ምድር እሳቸው ባቆሙት ሥርዓት ውስጥ ለረጅም ዘመን ቦታ አላገኘም። በሕይወታቸው ዘመን የአገሪቱን ሻምፒዮና ይቀባበሉ የነበሩት በአብዛኛው የአዲስ አበባ፣ የአሥመራና የድሬዳዋ ቡድኖች ናቸው፤ ባቡር፣ ፋብሪካና የጦር ካምፕ ያለበት ማለት ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ በዝናብ ጭቃ የሚያልፍ መንገድ ቡድንን ከእሑድ እስከ እሑድ አያመላልስም ነበር። የዚያ አገር የዕረፍት ሰዓትም በአዲስ አበባ መርሐ ግብር አይገዛም። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲመጣ፣ በቤበቃና በቴፒ እርሻዎች እንደታየው ሁሉ በአርሶ አደሩም ጓሮ፣ እጅ ያለው ሰው ሁሉ ከቡናው ሥር ነው። ለጨዋታ የሚመቸው ለቀማው አልፎ፣ ኪስ ሞልቶ፣ ሜዳው ገና ደረቅ ሳለ ባለው ጥቂት ጊዜ ነው። በነዚህ ከተሞች ውድድር ያዘጋጀ የአካል ማጎልመሻ መምህር ይህን ያውቀዋል፤ ከላይ የሚወርደው የውድድር ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ይድነቃቸው ለአፍሪካ ከአውሮፓ ሰሌዳ የተለየ ቦታ እንዲሰጣት እንደተከራከሩት ሁሉ፣ ለቡና አገር ከአዲስ አበባ ሰሌዳ የተለየ ወቅት እንዲሰጠው የሚከራከር ሰው በዘመናቸው አልተገኘም።

ዛሬ በጅማና በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ይሰጣል። ይድነቃቸው እየሠሩ የተማሩትን ተማሪው በክፍል ውስጥ ይማረዋል። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ዘመዶቹ ያ ሁሉ ዓመት ኳስ ለመጫወት ነው ወይ ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። ጥያቄው በ1930ዎቹም ይኸው ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። በዘመን መለወጫ ቀን የተወለዱት ሰው የሞቱት በደብረ ታቦር በዓል፣ በልጆች ጅራፍና በሆያ ሆዬ ቀን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ቢሆንም በአገሪቱ ሁሉ ልጆች ያለ ፌዴሬሽን፣ ያለ ዳኛና ያለ ደረሰኝ የሚጫወቱበት ቀን እንደ እሱ ያለ አይገኝም። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

ካረፉ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና አሸነፈ። የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነው አጥቂው በክፍያ የመጣ ናይጄሪያዊ ነበር። ቡድኑ በተከታዩ ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦችን ውድድር ገብቶ ከካይሮው አል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ በካይሮ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በአገሩ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ በድምር ውጤትም ተሰናበተ።