እሳት የላሰው ልጅ፦ የድራዠን ፔትሮቪች አጭር የሕይወት ታሪክ

ማታ ማታ ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር የምንቆም ሁሉ አንድ ነገር ሳንታዘብ አንቀርም። ሲሸነፍ የሚንጨረጨር፣ ኳስ ካልሰጡት የሚቆጣ፣ ዳኛውን የሚሞግት ልጅ ከየቡድኑ አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ልጅ ገሚሶቻችን ባለጌ ነው እንላለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ እሳት የላሰ ነው ብለን እናደንቃለን። ታዲያ የትኞቻችን ነን ልክ? ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምር ስለሆንን ጥያቄው የጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ዕትማችን እንዲህ ያለ አንድ ልጅ የት እንደደረሰና ምን እንደቀረበት እንመለከታለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድራዠን ፔትሮቪች ኦክቶበር 22 ቀን 1964 በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሺቤኒክ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ የዩጎዝላቪያ ነበረች፤ ዛሬ የክሮኤሺያ ናት። አባቱ ፖሊስ፣ እናቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ወደ ቅርጫት ኳስ የሳበው ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንደር ነው። ታናሽየው ታላቁን ተከትሎ ገባና ኋላ ጥሎት ሄደ።

እንዴት ጥሎት ሄደ ቢባል፣ ምሥጢሩ ሌላ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሰው ሳይነሳ አዳራሽ ይገባና ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ብቻውን 500 ጊዜ ወደ ቅርጫቱ ይወረውር ነበር። ገና በ15 ዓመቱ ለሺቤንካ ዋና ቡድን ተሰለፈ። የተጫወተበትም ቦታ ጋርድ ነው፤ ይኸውም ኳስ እያነጠረ ጨዋታ የሚያቀናብር፣ ከሩቅም የሚያስቆጥር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በ1983 ነው። ለዩጎዝላቪያ ሻምፒዮናነት ሺቤንካ ከቦስና ጋር ሲጋጠም፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል የ18 ዓመቱ ድራዠን ሁለት የቅጣት ውርወራ አገኘ። ሁለቱንም አገባ፤ ቡድኑም በአንድ ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ከተማው በደስታ አበደ። በማግስቱ ግን የዳኝነት ስሕተት አለ ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘና ጨዋታው እንዲደገም ታዘዘ። ሺቤንካ አልደግምም ስላለ ዋንጫው ለቦስና ተሰጠ። ሌላ ልጅ ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይቀር ይሆናል። እሱ ግን የአንድ ዓመት የውትድርና አገልግሎቱን ጨርሶ በ1984 የዛግሬቡን ሲቦናን ተቀላቀለ፤ እዚያም ከወንድሙ ጋር ተሰለፈ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ሲቦና በ1985 ሪያል ማድሪድን፣ በ1986 ዣልጊሪስን አሸንፎ ሁለት ጊዜ በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ድራዠን በአንድ ጨዋታ ብቻ 112 ነጥብ አስቆጥሯል፤ እርግጥ ተጋጣሚው ያሰለፈው ወጣት ተጫዋቾቹን ስለነበር ቁጥሩን ስናደንቅ ይህንንም አንርሳ። በ1988 ራሱ ወደ ሪያል ማድሪድ ተዛወረ፤ በ1989 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ላይም በካዜርታ ላይ 62 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት 117 ለ 113 አለቀ።

እዚህ ላይ ጥፋቱንም መሸፈን የለብንም። በእነዚያ ዓመታት ድራዠን ሲያስቆጥር እጁን እየዘረጋ ይፈነጥዝ፣ ተጋጣሚዎቹን ያበሽቅ፣ ከዳኞችም ጋር ይነታረክ ነበር። የራሱ ደጋፊዎች ሲያመልኩት የሌላው ቡድን ተመልካች አምርሮ ይጠላው ነበር። የማድሪድ ሰዎች ራሳቸው የእነሱ ከመሆኑ በፊት ዓይኑን ማየት አይወዱም ነበር።

እሳቱ በደንብ የተፈተነው አሜሪካን አገር ነው። በ1989 ወደ ፖርትላንድ ሄደ። አውሮፓ ውስጥ አንደኛ የነበረው ሰው እዚያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠው ጊዜ በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት እንዲያውም ያነሰ። ቅሬታውን አልደበቀም፤ ልምምዱን ግን አልተወም። በጃንዋሪ 1991 ወደ ኒው ጀርሲ ኔትስ ተዛወረና ያ ሁሉ ላብ ፍሬ አፈራ። በ1991–92 የውድድር ዘመን 82ቱንም ጨዋታዎች ተሰልፎ በአማካይ 20.6 ነጥብ፣ በተከታዩ ዓመት 22.3 ነጥብ አስቆጠረ። ከአውሮፓ የሄደ ጋርድ እዚያ ይሆንለታል ብሎ የሚያምን ጥቂት በነበረበት ጊዜ ከሊጉ ምርጦች ጋር ስሙ ተጻፈ። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክም ለአዲሲቱ ክሮኤሺያ ተሰልፎ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በፍጻሜው ማጂክ ጆንሰንና ማይክል ጆርዳን የነበሩበት የአሜሪካ ቡድን 117 ለ 85 ቢያሸንፍም፣ ድራዠን 24 ነጥብ አስቆጥሯል።

ያ እሳት ግን ያቃጠለው አንድ ነገር አለ። ቭላዴ ዲቫትስ የሚባል ሰርብ የብሔራዊ ቡድን ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ በአንድ ዓመት አሜሪካ ገብተው፣ አንዱ ፖርትላንድ ሌላው ሎስ አንጀለስ ሆነው፣ በስልክ ይጽናኑ ነበር። በ1990 ዩጎዝላቪያ በቦነስ አይረስ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን አንድ ተመልካች የክሮኤሺያን ባንዲራ ይዞ ሜዳ ገባ። ዲቫትስ ድሉ የሁላችንም ነው በሚል ስሜት ባንዲራውን ነጠቀው። ድራዠን ተቀየመ። በ1991 ጦርነቱ ሲነሳ ኩርፊያው ጠጠረ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሊሆኑ አልቻሉም።

ጁን 7 ቀን 1993 ድራዠን ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ፖላንድ ተጫውቶ ሲመለስ፣ ጀርመን ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ በመኪና ጉዞ ቀጠለ። ዝናብ ነበር። ዴንኬንዶርፍ በምትባል ሥፍራ አጠገብ መኪናዋ መንገድ ከዘጋ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨች፤ እሱም እንደተኛ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው ገና 28 ነበር። ኔትስ በዚያው ዓመት 3 ቁጥር ማሊያው በሌላ ተጫዋች እንዳይለበስ ወሰነ። ዲቫትስ መቃብሩ ላይ ቆሞ የታየው በ2010 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጓደኛው ከሞተ 17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይቅር ለመባባል የቀረ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። ነገ በየተመደብንበት ትምህርት ቤት እሳት የላሰ ልጅ ስናገኝ፣ ውሃ ቸልሰን ካጠፋነው የሚቀርልን ዝም ያለ ልጅ እንጂ የተማረ ልጅ አይደለም። ዝም ብለን ከተውነው ደግሞ ራሱንም ጎረቤቱንም ይለበልባል። የእኛ ሥራ እንደዚያ የጧት 500 ውርወራ ያለ ሥራ ፈልገን እሳቱን እዚያ ላይ እንዲያነደው ማድረግ ነው። ሌላም አለ። ሁለት ተማሪዎች ተኳርፈው ስናይ ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል ብለን አንለፋቸው። የመሄጃው ደወል ሳይደወል እናስታርቃቸው። ነገ ሁልጊዜ አይገኝማ።