ቴዎዶር ቢልሮት፥ የተቆረጠውን ጨጓራ የቀጠሉ ሐኪም

በጎሮና በአካባቢው ሕሙማንን የምትጎበኙ ካቴኪስቶች፥ የጨጓራ ካንሰር በቀዶ ጥገና ከወጣላቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ሳትሰሙ አትቀሩም፦ ጨጓራው ከተቆረጠ ምግቡ በየት ያልፋል? የዚህ መልስ ከአንድ ሐኪም ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. በ1829 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር በምትገኘው የሩገን ደሴት ከአንድ የሉተራን ፓስተር ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለ ሞቱ እናታቸው አሳደጓቸው። ልባቸው ወደ ሙዚቃ ያዘነበለ ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲው ብራምስም ወዳጃቸው ነበር። በ1860 በዙሪክ፥ በ1867 በቪየና የቀዶ ጥገና መምህር ሆኑ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች የተሳካላቸውን ብቻ ያወሩ ነበር። ቢልሮት ግን በዙሪክ ያከሟቸውን፥ የዳኑትንም የሞቱትንም፥ ቆጥረው አሳተሙ። ከእጃቸው ብልሃት ይልቅ ለእኔ የሚደንቀኝ ይህ ነው። እንከን አልነበረባቸውም ማለት ግን አይደለም፤ በ1876 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አይሁድ ተማሪዎች ክፉ ቃል ጽፈዋል። በእርጅናቸው ፀረ አይሁድነትን የሚቃወም ማኅበር አባል ሆኑ።

ከእሳቸው በፊት ፔአን በ1879፥ ሪዲጊየርም በ1880 የጨጓራ ካንሰርን ቆርጠው ለማውጣት ሞክረው ሁለቱም ሕሙማን ሞተዋል። ቢልሮት አልቸኮሉም፤ ረዳቶቻቸው የተሰፋ ጨጓራ እንደሚጠግግ አስቀድመው በውሾች አረጋገጡ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1881 የ43 ዓመት ሴት፥ የ8 ልጆች እናት የሆኑት ቴሬዘ ሄለር በፊታቸው ተኙ። የጨጓራቸው መውጫ በዕጢ ተዘግቶ የበሉትን ያስመልሳቸው ነበር። ቢልሮት ዕጢውን ቆርጠው አወጡ፤ ሰፊውን የጨጓራ አፍ በስፌት አጠበቡ፤ ከዚያም ከትንሹ አንጀት መነሻ ጋር በሐር ክር ገጠሙት። ስፌቱ 50 ያህል ነበር።

ሴትዮዋ እንደገና በሉ፤ ከሆስፒታልም ወጡ። ነገር ግን ካንሰሩ ወደ ጉበት ተዛምቶ ከ4 ወር ገደማ በኋላ ዐረፉ። አስከሬኑ ሲመረመር የተሰፋው ስፍራ ጠግጎ ተገኘ። ለ4 ወር ብቻ ይህ ሁሉ ድካም የሚል ቢኖር፥ የ8 ልጆችን እናት ያስብ።

በ1885 ቢልሮት የትንሹን አንጀት መነሻ ዘግተው ጨጓራውን ዝቅ ብሎ ካለው የአንጀት ክፍል ጋር ቀጠሉ። ሁለቱም አሠራሮች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ጨጓራው በሙሉ ሲወጣ ደግሞ አንጀቱ በቀጥታ ከምግብ ቧንቧ ጋር ይገናኛል። በአርሲና በባሌ በሚበዛው የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ብዙውን ጊዜ ጨጓራው ራሱ ወደ ላይ ተስቦ የቧንቧውን ቦታ ይይዛል። እንዲህ የታከመ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አይችልም፤ ጥቂት ጥቂት፥ ቶሎ ቶሎ ይብላ። በዐቢይ ጾም እህል አልቀምስም ቢላችሁ፥ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም እንደማታስገድድ ንገሩት።

ቢልሮት በ1882 በቪየና ሩዶልፊነርሃውስ የተባለ፥ አስታማሚዎች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረጉ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1894 በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በኦፓቲያ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በቪየና ነው።