ሻምበል አበበ ቢቂላ ከድሎቹ በኋላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። ክብር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ሠለጠነ። በ1952 ዓ.ም. በሮም የማራቶንን ውድድር በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን የደገመው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለጤና ባለሙያ ግን ከድሎቹ ይልቅ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ያስተምራሉ።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን በሸኖ አቅራቢያ ተገልብጣ ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ተስኖት ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የዚህን ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ክፍል በ1936 ዓ.ም. ሲከፍቱ፣ እንዲህ የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ አልነበረውም። ብዙዎቹን የሚገድላቸውም ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ከመተኛት ብዛት የሚመጣው የገላ ቁስልና የኩላሊት ሕመም ነበር። ዶክተሩ ሕመምተኞቹን ከአልጋ አስነሥተው ስፖርትን የሕክምናው ክፍል አደረጉ። ቀስት መወርወር የክንድና የትከሻን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅንም ያስተምራል። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ሕመምተኞችን በቀስት አወዳደሩ፤ የፓራሊምፒክ ጨዋታም ከዚህ ተወለደ።

አበበ ከ8 ወር ሕክምና በኋላ እጆቹ ታዘዙለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እርሱም በቀረለት አካል ሠራ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንድቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

እንቅስቃሴ ሁሉን አያድንም፤ የቀረውን ኃይል ግን ከመጥፋት ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎችም እንደ ዐቅማቸው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከጅማ በስተደቡብ፣ በደዶ ደጋ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም የያዘውን አባት ቤተሰቡ ከፍቅር ብዛት ከደጅ እንዳይወጣ ቢከለክለው፣ የአካባቢው ጤና ባለሙያ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያዝለት በልክ የሆነ እርምጃ ነው። እርምጃ ለማይችልም የአበበ እጆች ምስክር ናቸው።