ወተት ያስተማራቸው ሐኪም
ላም ስትነጥፍ ቤት ምን እንደሚሆን ለቦረና ሰው አይነገረውም። የዶክተር ጆርጅ ቢትሰን ታሪክ የያዘኝም የሜጋ ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

በ1848 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በዛሬዋ ስሪላንካ ተወለዱ፤ ሥራቸው ግን ስኮትላንድ ነበር። በወጣትነታቸው ስለ ወተት ሲያጠኑ አንድ ነገር ሰሙ፦ በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎች የወለደች ላም ወተቷ ቶሎ እንዳይነጥፍ ኦቫሪዋን፣ ማለትም እንቁላል ማምረቻዋን፣ ያወጡላታል። ታዲያ ጡትን የሚያዘው ኦቫሪ ነው ማለት ነው? ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያኔ ገና አይታወቅም።

በ1895 ካንሰሯ ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ የተመለሰባትን የ33 ዓመት እናት ኦቫሪዎች አወጡ። በወራት ውስጥ እብጠቱ ከሰመ። ሴትዮዋ ግን ዓመታት ቆይታ በዚያው በሽታ ሞተች፤ በሌሎችም ላይ ሁሌ አልሠራም።

ቢትሰን በ1933 አረፉ። ከ29 ዓመት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ታሞክሲፌን ተቀመመ፦ ያለ ቢላ፣ ኤስትሮጅን የካንሰሩን ሴል እንዳያነቃቃ የሚያግድ ኪኒን።

አክስቴ የምትውጠው እሱን ነው። ሌሊት ድንገት እሳት ይለቅባታል፣ በላብ ትጠመቃለች። መጀመሪያ ወባ መስሏት ነበር፤ ኋላ ኪኒኑን ልትጥለው ተነሳች። ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንዳታቆም ለመንናት። አሁን ስስ ጥጥ ለብሳ ትተኛለች፣ ማታ ማታ ትኩስ ሻይ ትታለች። ሙቀቱ የመጣበትን ሰዓት ስልኬ ላይ እመዘግብና ለሐኪሟ እናሳያለን፤ ማስታገሻም አለው። የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል፤ ደም ካየች ወይም አንድ እግሯ ካበጠ ግን ቀጠሮ አንጠብቅም፣ በዚያው ቀን ነው የምንሄደው።