ሰንሰለቱን ያየው ኬሚስት፦ ሄርማን ሽታውዲንገር

ጎማ ስለምን ይለጠጣል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የነበሩ አብዛኞቹ ኬሚስቶች ጎማም ሆነ ጥጥ ትናንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኃይል ተሳስበው የፈጠሩት ክምችት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት የተጋፈጠው ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1881 በቮርምስ ከተማ የተወለደው ሽታውዲንገር፣ ልቡ ያዘነበለው ወደ ዕፅዋት ጥናት ነበር። ኬሚስትሪን የተማረው ለዚያ መሠረት እንዲሆነው ተመክሮ ቢሆንም በዚያው ቀረ። ኬቲን የተባሉትን ውህዶች በማግኘቱ ገና በወጣትነቱ ስም አተረፈ፤ በ1912 ዙሪክ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ይህን የተደላደለ ስሙን ለፈተና አቀረበ። ጎማና መሰሎቹ እጅግ ብዙ አሃዶች በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው ሲል ተከራከረ። አላህ በጥጥ፣ በሐርና በእንጨት ውስጥ ያኖረው አሠራርም ይኸው ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕርን ውሃ ከጨው የሚለዩባቸው ስስ የፖሊመር ሽፋኖችም ከዚህ ወገን ናቸው።

ባልደረቦቹ ሐሳቡን እንዲተው መከሩት። እርሱ ግን ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደው። የተቃዋሚዎቹ አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ጎማ ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሐድ ያ ደካማ መሳሳብ ጠፍቶ ክምችቱ መበታተን፣ ሲሞቅም እንደ ተራ ፈሳሽ መትነን ነበረበት። ሙከራው ተደረገ፤ ጎማው አልተበታተነም። በ1922 ለእነዚህ ግዙፍ ሞለኪውሎች ማክሮሞለኪውል የሚለውን ስም አወጣላቸው። ሆኖም ሙግቱ ገና ዓመታትን ይፈጅ ነበር።

ሽታውዲንገር የተጋፈጠው ሳይንሳዊ ሙግትን ብቻ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የመርዝ ጋዝን መጠቀም በመቃወሙ ከስመ ጥሩው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ጋር ተጋጭቷል። ከ1926 ጀምሮ በፍራይቡርግ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ያ የቆየ አቋሙ ተነሣበት። በባለሥልጣናት ፊት የከሰሰውም የዩኒቨርሲቲው ርእሰ መምህር፣ ፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ነበር። ከሥራው ለመባረር ጥቂት ሲቀረው ተረፈ። በ1944 ደግሞ ተቋሙ በአየር ድብደባ ወደመ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የላትቪያ ተወላጅና የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የሆነችው ባለቤቱ ማግዳ የምርምሩ ተካፋይ ነበረች።

የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1953፣ በ72 ዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ ናይሎንና ፕላስቲክ በየቤቱ ገብተው ነበር። ሽታውዲንገር በ1965 በፍራይቡርግ አረፈ።