ማርቲን ሉተርና የእግዚአብሔር ሕግ

አንባቢ ሆይ፥ የማርቲን ሉተር ስም ለተማረ ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1534 ዓመት ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ቪተንበርግ ከተማ ደርሶ ከእርሱ ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሮአል። ነገር ግን ብዙ ሰው ከሮሙ ፓፓ ጋር መጣላቱን ብቻ ሰምቶ ያልፋል። ከዚያ ጥል አስቀድሞ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር ብዙ ዘመን መታገሉን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ሉተር በ1483 ዓመት በጀርመን አገር አይስሌበን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ በመዳብ ማዕድን ሥራ የሚኖር፥ ልጁ የመንግሥት ሕግ ዐዋቂ ሆኖ እንዲከብርለት የሚመኝ ሰው ነበረ። ልጁም በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ማዕርግ ተቀበለ። በ1505 ዓመት በጁላይ ወር ግን ከወላጆቹ ዘንድ ሲመለስ በመንገድ ሳለ መብረቅ በአጠገቡ ወደቀ፤ ሞትን ስለ ፈራ ሊመነኵስ ለቅድስት ሐና ተሳለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ወደ ገዳም ገባ። አባቱም እጅግ ተቈጣ።

በገዳሙ በጾምና በትጋህ ሰውነቱን አደከመ። ለአለቃው ለዮሐንስ ሽታውፒትስ ኀጢአቱን እየደጋገመ ይናዘዝ ነበር፤ አንድ ጊዜም ኑዛዜው ስድስት ሰዓት ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። ስለ መግደል የተሰጠውን ትእዛዝ ሰምቶ እጁን የሚመለከት ሰው፥ ደም ስላላገኘበት ደስ ይለዋል። ሉተር ግን ልቡን ተመለከተ። እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ ታዝዞአል፤ እርሱ ግን እግዚአብሔርን እንደ ጨካኝ ዳኛ ይፈራው፥ ከመፍራትም አልፎ ይጠላው እንደ ነበረ በሽምግልናው ጊዜ ጻፈ። እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠውን ትእዛዝ በገዳም ውስጥ፥ በጾሙ መካከል፥ ያፈርስ ነበር። ጾሙ ሥጋውን አከሳ፤ ይህን ጥላቻ ግን ከልቡ ሊያወጣ አልቻለም።

በ1512 ዓመት የመጻሕፍት መምህር ሆኖ በቪተንበርግ ተሾመ፤ መዝሙረ ዳዊትን፥ ኋላም የሮሜን መልእክት አስተማረ። ሌትና ቀን ሲመረምር፥ ጳውሎስ የሚናገርለት የእግዚአብሔር ጽድቅ በክርስቶስ ለሚያምን ኀጢአተኛ በነጻ የሚሰጥ ጽድቅ መሆኑን አስተዋለ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ በ1517 ዓመት የኀጢአት ስርየት በገንዘብ መሸጡን ተቃውሞ 95 ዐንቀጽ አወጣ፥ በ1521 ዓመትም ተወግዞ በዎርምስ ጉባኤ ፊት ቆመ።

ጸጋን ካገኘ በኋላ ሕጉን ጣለውን? በ1528 ዓመት የሳክሶንን መንደሮች ሲጐበኝ፥ ሕዝቡ የወንጌልን ነጻነት ስም ይዞ ትእዛዛቱንም አባታችን ሆይንም ሳያውቅ እንደ ልቡ ሲኖር አየ፤ እጅግም አዘነ። ስለዚህ በ1529 ዓመት ለቤተ ሰብ የሚሆን ትንሽ የትምህርት መጽሐፍ ጽፎ ዐሥሩን ትእዛዛት ከሁሉ አስቀደመ፤ ከዚያ በኋላ ጸሎተ ሃይማኖትን፥ ቀጥሎም የጌታን ጸሎት አኖረ። ሕመምተኛ በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት እንደማይሻ ቀድሞም ጽፎ ነበር። በፊተኛውም ትእዛዝ ውስጥ እግዚአብሔር ራሱን አምላክ አድርጎ እንደሚሰጠን አስተማረ። እስራኤልም ጽላቱን የተቀበሉት ከባርነት ቤት ከወጡ በኋላ መሆኑን ልብ በል።

ወዳጁ ዮሐንስ አግሪኮላ ሕግ በቤተ ክርስቲያን ሊሰበክ አይገባም ባለ ጊዜ፥ ሉተር ከ1537 ዓመት ጀምሮ ብርቱ ክርክር ገጠመው፤ ሕጉ ከተወሰደ ክርስቶስ ስለ ምን እንደ ሞተ የሚያውቅ አይገኝምና።

አንድ ነገር ልንሸሽግ አይገባንም። በ1543 ዓመት ሉተር በአይሁድ ላይ መጽሐፍ ጽፎ ምኵራባቸው እንዲቃጠል፥ ቤታቸውም እንዲፈርስ መከረ። በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከርን ለሕፃናት ያስተማረ ያው ብዕር ይህን ጻፈ። ከፈረንጅ ጸሓፊዎች አንዳንዶች እርጅናውንና ሕመሙን ያመካኙለታል፤ እኔ ግን ያስተማረው ሕግ እርሱን ይቅር ብሎ የሚያልፍበት ቦታ አላገኘሁም።

በ1546 ዓመት በክረምት ብርድ፥ የተጣሉትን የማንስፌልድ መሳፍንት ሊያስታርቅ ወደ ተወለደባት ወደ አይስሌበን ሄደ። መሳፍንቱን ካስታረቀ በኋላ በፌብሩዋሪ 18 ቀን በዚያው ሞተ። ከሞቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ በጻፈው ብጣሽ ወረቀት ላይ ግን በእግዚአብሔር ፊት ራሱን ከለማኞች ጋር ቈጥሮ ተገኘ።